ልጆችን በጠዋት ስለ ውሏቸውና ስለ አዳራቸው መጠየቅ ክፍለ ጊዜ ማባከን ነው? (ክሩ ከነመልሶቹ)

ጥያቄውን ኢንተርኔት ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ክር የምለው ጥያቄውንና ከስሩ የተጻፉትን መልሶች ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ3ኛ ክፍል ስም ጠሪ ነኝ። ክፍሌ ውስጥ ከ50 በላይ ልጆች አሉ፤ በአንድ ኮምባይንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው ነው የሚቀመጡት። ከሰልፍና ከሰንደቅ ዓላማ መልስ፣ ትምህርት ሳልጀምር 10 ደቂቃ ወስጄ እንዴት እንዳደሩ እጠይቃቸዋለሁ። ትናንት የተጣላ ካለ እዚያው ይታረቃል። የቀረ ልጅ ካለ ሰፈሩን የሚያውቅ ይናገራል። አዲስ የገባ ልጅ ካለ በእረፍት ከማን ጋር እንደሚጫወት እንነጋገራለን። ሱፐርቫይዘሩ አንድ ቀን ገብቶ አይቶ፣ ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ሩቡን በወሬ አጥፍታለች የሚል አስተያየት ጻፈብኝ።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ልቡ ቤቱ የቀረ ልጅ ማባዛት አይገባውም። ግብረ ገብ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ሆኖ መጥቷል፤ ይሁን እንጂ መተሳሰብ ምን እንደሆነ ከሀ እስከ መ ካሉት አማራጮች መርጦ ያከበበ ልጅ፣ ደወል ሲደወል ጓደኛውን ገፍትሮ ሲወጣ አይቻለሁ። ሌሎቻችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ጊዜውንስ ከየት ታመጣላችሁ? ብዬ ጠየቅሁ።

መልሱ ከጠበቅሁት በላይ በዛ። ከመሀል የሚገቡ ሰዎች ያለቀ ክርክር እንደገና ስለሚጀምሩ እስካሁን የተባለውን በተራ ቁጥሩ አስቀምጬዋለሁ። ቃል በቃል አይደለም፤ ስድቡንም ቀንሼዋለሁ።

መልስ 1፦ አዳማ የምታስተምር መምህርት ናት፤ በጣም በትሕትና ነው የጻፈችው። ጠዋት ታክሲና ባጃጅ አጥቶ የሚያረፍደው ስለሚበዛ እሷ ይህን የምታደርገው ከመለቀቂያው በፊት ነው። እያንዳንዱ ልጅ ከመውጣቱ በፊት ያን ቀን ጓደኛው ያደረገለትን አንድ ነገር ይናገራል፤ እርሳስ ማዋስም ቢሆን። ከዚያ አንድ ነገር ጨመረች፤ ብዙ ላይክ ያገኘውም እሱ ነው። በኮሮና ምክንያት መጋቢት 2012 የተዘጉት ትምህርት ቤቶች በ2013 ሲከፈቱ ልጆቹ በፈረቃ ተከፍለው ነበር፤ በክፍሏ ከ25 የማይበልጡ ልጆች ይቀመጡ ነበር። በማስተማር ዘመኗ የሁሉንም ልጅ ጠባይ ያወቀችው በዚያ ዓመት ብቻ እንደሆነ ጽፋለች። ሁሉም አፉና አፍንጫው በማስክ ተሸፍኖ ሳለ ማለት ነው።

መልስ 2፦ የሒሳብ መምህር መሆኑ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። 10 ደቂቃ ለ50 ልጅ ሲካፈል ለአንዱ 12 ሴኮንድ ነው አለ። በ12 ሴኮንድ ደህና ነኝ ከማለት ሌላ ምንም አይባልም። የእሱ ዘዴ በቀን አንድ ረድፍ ነው። ተረኛው ረድፍ ብቻ ይናገራል፤ የቀረው ክፍል በጣቱ ያሳያል፤ አምስት ጣት በጣም ደስ ብሎኛል፣ አንድ ጣት ከፍቶኛል ማለት ነው። አንድ ጣት ያነሳውን ልጅ እዚያው አይጠይቀውም፤ በእረፍት ዳስተር አራግፍልኝ ብሎ ይጠራዋል። ዳስተሯ ነገር እንደምታመጣ ልጆቹ እስካሁን አልነቁም።

መልስ 3፦ ክሩ እዚህ ጋ መረረ። የጻፉት አባት ናቸው። ልጃቸው እንዲህ ባለ የጠዋት ወሬ ላይ አባቴና እናቴ ሌሊት ተጣሉ ብላ ተናግራለች። ወሬው በልጆች አፍ ሰፈር ደርሶ እናትየው ከዕድር ስብሰባ አልቅሳ ተመልሳለች። የቤት ገመና በመምህር ፈቃድ አደባባይ መውጣት የለበትም፤ መምህር ፊደል ያስቁጥር፣ የልብ ነገር የንስሐ አባትና የቤተሰብ ጉዳይ ነው የሚል ነው ክርክራቸው። ለእኔም በቀጥታ፣ ልጄ አንቺ ክፍል ብትሆን ኖሮ አስወጣት ነበር ብለዋል። ንግግራቸው ቢያመኝም፣ እናትየዋን ሳስብ ሰውየውን ተሳስተዋል ለማለት አልደፈርኩም።

መልስ 4፦ በሥነ ልቦና የተመረቀችና በትምህርት ቤት በአማካሪነት የሠራች ሴት ለመልስ 3 በአክብሮት መለሰች። ስህተቱ መጠየቁ ላይ ሳይሆን አጠያየቁ ላይ ነው ባይ ናት። በሕዝብ መሀል ለምን ተብሎ አይጠየቅም፤ ምን ተሰማህ ይበቃል። ልጁ የቤቱን ነገር ሲጀምር መምህሯ ቶሎ ታቋርጥና ለብቻዬ ትነግረኛለህ ትለዋለች። ለብቻው የተነገረው ድብደባ ወይም ከዚያ የባሰ ከሆነ ደግሞ ምስጢር እጠብቅልሃለሁ ተብሎ ቃል አይገባለትም። ለርዕሰ መምህሩ፣ ለወረዳው ሴቶችና ሕጻናት ጽሕፈት ቤት፣ ካስፈለገም ለፖሊስ የሚደርስ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ጋንዲ ሆስፒታል ውስጥ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶችና ሕጻናት ሕክምናውንም፣ ምክሩንም፣ የሕግ ሂደቱንም በአንድ ቦታ የሚያገኙበት ማዕከል እንዳለ አስታውሳለች። ይህን ብዙ መምህር አያውቀውም።

መልስ 5፦ አንድ መምህር መልስ 4ን በአጭሩ ተናኮለ። እሱ ትምህርት ቤት አማካሪ የሚባል የለም፤ የልጆችን ችግር የሚሰማው ዩኒት ሊደሩ ነው። ያው ዩኒት ሊደር ጠዋት በሩ ላይ አርጩሜ ይዞ አርፋጅ የሚያስቆም ሰው ነው። ለእሱ ሄዶ ከፍቶኛል የሚል ልጅ ካለ ጀግና ነው አለ።

መልስ 6፦ የክሩ ምርጥ መልስ ይሄ ነው፤ ማንም ምንም ቢል። የጻፈችው በምገባው ከሚሠሩት መጋቢ እናቶች አንዷ ናት፤ በስልክ ስትጽፍ ፊደሏ ትንሽ ይዘበራረቃል፣ ነገሩ ግን ጥርት ያለ ነው። ከተማው ምገባውን በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ካስፋፋ ወዲህ ቁርስና ምሳ የምታድለው እሷ ናት። መምህራን የማያዩትን ከጭልፋው ኋላ ሆና ታያለች። ሰኞ ጠዋት ሁለቴ የሚሰለፈው ልጅ ቅዳሜና እሁድ ቤቱ ምን እንዳለ ይነግራታል። ዳቦውን ግማሽ በልቶ ግማሹን ኪሱ የሚከት ልጅ፣ ቤት ትምህርት ያልጀመረ ታናሽ አለው ማለት ነው። ሲበላ የነበረና ድንገት ሳህኑን ሳይነካ የሚመልስ ካለ ደግሞ ወይ አሞታል ወይ ቤቱ አንድ ነገር ሆኗል። ስሙን ባታውቀውም ፊቱን ታውቀዋለች። ይህን ሁሉ ለማን ልንገር? ብላ ጠየቀች። እስካሁን መጥቶ የጠየቃት መምህር የለም።

እኔ ከዚህ በኋላ ነው ምሳ ሰዓት ወደ መመገቢያው መውረድ የጀመርኩት። ሠንጠረዥ የለም፣ ቅጽ የለም። ዛሬ ማን አልበላም ብዬ ጠይቄ እመለሳለሁ።

መልስ 7፦ ጡረታ የወጡ፣ እንደ አነጋገራቸው በመምህርነትም ያገለገሉ አባት ናቸው። በእሳቸው ዘመን ጠዋት የሚታየው ጥፍርና ጸጉር ነበር፣ ስሜት አልነበረም። የቤት ሥራ ያልሠራ ይንበረከካል፣ የረበሸ ልምጭ ይቀምሳል፤ ከዚያ ክፍል ግን ሐኪምም መሐንዲስም ወጥቷል። አሁን ልጁ እንዳይከፋው እየተባለ ማንበብ የማይችል ልጅ 4ኛ ክፍል ይደርሳል አሉ።

መልስ 8፦ የሕግ ባለሙያ ነኝ ያለ ሰው በጣም ቀዝቀዝ አድርጎ አረማቸው። በትምህርት ቤት የአካል ቅጣት በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 የተከለከለ ነው፤ ሕጻን በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳለው ንዑስ አንቀጽ 1 (ሠ) ይናገራል። ስለዚህ መልስ 5 ላይ የተጠቀሰው አርጩሜ ልማድ እንጂ ሥልጣን አይደለም።

መልስ 9፦ የመልስ 7ቱ አባት ተመልሰው መጡ፤ ተቆጥተዋል። ሕገ መንግሥቱን አልክድም፣ ሕገ መንግሥቱ ግን 60 ልጅ ያለበት ክፍል ገብቶ ዝም አያሰኝልኝም አሉ። ንግግራቸውን ሳልወደው አሳቀኝ። ዱላውን ስንነጥቅ በምትኩ ምን ሰጠን የሚለው ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ ማንም በወጉ አልመለሰላቸውም። ከመልስ 10 እስከ 12 ወሬው ወደ ቲክቶክና ወደ ወላጆች ስልክ ሄደ፣ አንዱ የአንዱን ልጅ አሳዳጊ የበደለው አለ፣ አስተባባሪው ገብቶ ሁለት መልስ ሰረዘ። ያንን እዘለዋለሁ።

መልስ 13፦ አያት ናቸው፤ የጻፈላቸው ጎረምሳ የልጅ ልጃቸው ነው። ታናሽየዋ 2ኛ ክፍል ናት፤ እናቷ ሪያድ በሰው ቤት ትሠራለች። ችግራቸው አንድ ነው። ልጅቷ ባጠፋች ቁጥር ወላጅ ይዘሽ ነይ ትባላለች፤ ያኔ ልጅቷ የምታለቅሰው ጥፋቷ ታውቆባት ሳይሆን የምትይዘው ወላጅ ስለሌላት ነው። አሳዳጊሽን ይዘሽ ነይ ቢሏት ምን ይጎድላቸዋል? ይላሉ። ከዚህ ስር ሌሎች ሦስት ሰዎች የቤይሩትና የዱባይ እናቶችን ልጆች ጉዳይ አነሱ። አንዱ መምህር በዓመት መጀመሪያ የተማሪ መረጃ ሲሞላ የአባትና የእናት ስም ብቻ ሳይሆን ማታ አብሮት የሚያድረው ማን እንደሆነ እንደሚጠይቅና በወላጅ ስብሰባ የሚጠራውም እሱን እንደሆነ ተናገረ። ምንም ወጪ የሌለው ነገር ነው።

መልስ 14፦ ሐዋሳ የሚያስተምር መምህር ሐዘንን ያነሳው እዚህ ላይ ነው፤ ክሩም ከዚህ በኋላ ለብዙ መልስ ከዚህ አልወጣም። 4ኛ ክፍል አባቱ የሞተበት ልጅ ነበረው። ልጁ ከመመለሱ በፊት መምህሩ ለክፍሉ አስጠነቀቀ፤ ማንም ስለ አባቱ እንዳይጠይቀው። ልጆቹ ታዘዙ፤ አብዝተው ነው የታዘዙት። ነገር እንዳያመልጣቸው ፈርተው ጭራሽ አጠገቡ መድረስ ተዉ። በእረፍት ለብቻው ግንቡ ላይ ይቀመጣል። መምህሩ ሲገባው፣ ልጆቹን ሰብስቦ ሰው ሲሞትበት ሰፈራችሁ ምን ይደረጋል ብሎ ጠየቃቸው። ልቅሶ ይደረሳል፣ እዝን ይወሰዳል አሉ፤ ልጆች አይደሉ፣ ሁሉን አይተዋል። ሳንቲም ሰበሰቡ፣ ቡናና ስኳር ተገዛ። ከወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረቱ ሁለት ሰው ተጨምሮ፣ ስድስት ልጆች በወላጆቻቸው ፈቃድ ሄዱ። ድንኳን ውስጥ ገብተው ምን እንደሚሉ ጠፍቷቸው ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ልጁ ራሱ ተነስቶ ወደ ጓሮ ወሰዳቸው፣ ብዙም ሳይቆይ የኳስ ድምፅ ተሰማ። ዘመድ ሊቆጣ ሲነሳ እናትየዋ ተዉአቸው አለች። በማግስቱ ግንቡ ላይ የተቀመጠ ልጅ አልነበረም።

መልስ 15፦ አንዲት እናት አጥብቃ ተቃወመች። ልጇን አንድ ጊዜ ልቅሶ ወስዳው፣ ደረት ሲደቃና ሙሾ ሲወርድ አይቶ ለብዙ ጊዜ ብቻውን አልተኛም ብሏል። ትምህርት ቤት እንዲህ ያለውን ነገር ለልጅ ይዞ የመሄድ መብት ማን ሰጠው? የወላጆች ፈቃድ ተጠይቆ እንደነበር የመልስ 14 ጸሐፊ ሲያስታውሳት፣ ሁሉ ሲፈቅድ አንዱ ወላጅ እንዴት አልፈቅድም ይላል አለችው። ይሉኝታችንን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ክርክር አይደለም።

መልስ 16፦ አጭር ናት። እናቱ ስትሞት ለጥናት ውጭ አገር ሄዳለች የተባለ ሰው ጻፈ። እውነቱን የነገረው የክፍል ጓደኛው ነው፣ ሜዳ ላይ፣ ተጣልተው ሳለ። ሌላ ነገር አልጨመረም።

መልስ 17፦ አማካሪዋ (መልስ 4) ሦስቱንም ይዛ መጣች። ትንሽ ልጅን ልቅሶ መውሰድ አለመውሰድ እንደ ልጁ ነው፤ ከሄደ አስቀድሞ ምን እንደሚያይ ይነገረው፣ መውጣት ሲፈልግ የሚያወጣው አንድ ትልቅ ሰው ይመደብለት። ሞትን ግን መደበቅ አይገባም። ተኝቷል ከተባለ ልጁ መተኛት ይፈራል፤ ሄዷል ከተባለ ይጠብቃል። ሞቷል፣ አይመለስም፣ ያንተ ጥፋት አይደለም፤ እነዚህ ሦስቱ በሚገባው ቃል ይነገሩት። ልጅ አልቅሶ ወዲያው መጫወቱ አባቱን ረሳ ማለት እንዳልሆነም ለዘመድ ማስረዳት ያስፈልጋል። ከዚያ አንድ ሰው በሙስሊም ቤት ለተዕዚያ ሲኬድ ልጆቹ ምን ማወቅ እንዳለባቸው ጠየቀ፣ ሁለት እናቶች በደግነት መለሱለት። ክሩ ውስጥ ማንም ያልተሰደበበት ረጅሙ ቦታ ይሄ ነው።

መልስ 18፦ ደብረ ብርሃን የምታስተምር መምህርት ስለ ተፈናቃይ ልጆች ጻፈች። በዓመት መሀል ደብተር ሳይዙ ይመጣሉ። ቀድሞ እንደ ደንቡ አዲስ ልጅ ሲገባ ፊት ወጥቶ ስምህን፣ ከየት እንደመጣህ ተናገር ይባል ነበር፤ ያንን ጥያቄ አስቀርታዋለች። የመጣበትን መናገር ለእነዚህ ልጆች መተዋወቂያ አይሆንም። በምትኩ በመጀመሪያው ቀን ሥራ ትሰጣለች፤ ጠመኔ ማምጣት፣ ደብተር ማደል። ደብተር ሲያድል የሁሉንም ስም ይማራል፣ ሁሉም ስሙን ይጠይቀዋል። የቀረውን ሜዳው ይጨርሰዋል። ሴቶቹ ሱዚ ሲዘሉ ላስቲኩን የሚይዝ ሁልጊዜ ይጎድላል፣ ሰኞ ማክሰኞ ቋንቋ አይጠይቅም፣ የብይ ሕግ ብቻ ከአካባቢ አካባቢ ስለሚለያይ ጠብ ያስነሳል። በር ሲንኳኳ የሚደነግጥ ልጅ ስላላት የክፍሏን በር ክፍት አድርጋ እንደምታስተምርም ጽፋለች። በደብረ ብርሃን ብርድ!

መልስ 19፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። እህታችን እዚያ የልጇ ክፍል ቀኑን የሚጀምረው ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርቶ በመነጋገር እንደሆነና ትምህርት ቤቱ ካውንስለር እንዳለው ነገረችን። ካውንስለሯ የደወለች ቀን ግን ልጄን ሊወስዱብኝ ነው ብላ እግሯ ተንቀጥቅጧል፤ ጉዳዩ ልጁ ምሳ ሰዓት ብቻውን ይበላል የሚል ብቻ ነበር። ወረዳው ለወላጅ የሚልካቸው ደብዳቤዎች በአማርኛም ይመጣሉ፣ የሚያነብላት አላጣችም። ያጣችው የትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ ከሌላ እናት ጋር ማውራትን ነው። ሁሉም መኪናውን አሰልፎ ልጁን ጭኖ ይሄዳል።

መልስ 20፦ ያልተገባ ቁጣ ነው። በአሜሪካ ምንጣፍ እኛን አታስተምሩን፣ የእኛ ደረጃ በክፍል 50 ነው፣ እሱንም ባገኘነው የሚል ከአርባ ምንጭ የመጣ መልስ። እህታችን ያለችውን በደንብ አላነበበም። የእነሱን አላወደሰችም፤ የእኛን በር ነው የናፈቀችው።

መልስ 21፦ በ1983 በዘመቻ ሰለሞን ልጅ ሆኖ እስራኤል የገባ ሰው፣ አሁን እዚያ በትምህርት ቤትና በቤተ እስራኤል ወላጆች መሀል የሚያገናኝ መገሽር ሆኖ ይሠራል። እሱ ልጅ ሳለ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ለአባቱ የሚያስተረጉመው ራሱ ነበር። ስለ ራሱ ጥፋት የተጻፈውንም ጭምር፤ እንዴት እንዳስተረጎመው መገመት አያቅትም። ቁም ነገሩ ግን ወዲህ ነው አለ፤ ልጅ የአባቱ አፍ ሲሆን አባት ቤት ውስጥ ያንሳል፣ ልጁም ያለ ዕድሜው ይሸከማል። ይህ ከመልስ 13 አያት ጋር ይገናኛል ብዬ አስባለሁ። ማንበብ የማይችሉ አሳዳጊዎች እኛም ዘንድ አሉ፣ የእኛንም ማስታወሻ ልጁ ነው የሚያነብላቸው።

መልስ 22፦ ስሙን ያልገለጸ መምህር። የልጆቹን ስሜት ተነጋገራችሁ፣ ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለትራንስፖርት አልበቃ ያለው መምህር እንዴት እንዳደረ ማን ይጠይቃል? እሱም ሁለተኛ ሥራ ይሠራል፤ ጠዋት ልጆቹ ፊት ሲቆም ደክሞታል። ከአንድ ጣት እስከ አምስት ቢጠየቅ ምን እንደሚያነሳ ለመልስ 2 ነግሮታል፤ እዚህ አልጽፈውም። ሠላሳ ያህል ሰው ልብ ሰጠው። አንዲት ርዕሰ መምህርት በማግስቱ መልሳ፣ እሷ ዘንድ ዓርብ ከሰዓት መምህራን ከየቤታቸው ባመጡት ቡና እንደሚሰባሰቡ፣ አጀንዳና ቃለ ጉባኤ ግን ክልክል እንደሆነ ጻፈች። ቃለ ጉባኤ የሌለው የመምህራን ስብሰባ መኖሩን ብዙዎች አላመኑም።

መልስ 23፦ ያችው ርዕሰ መምህርት ወደ ልጆቹ መለሰችን። አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት ጎበዙ ልጅ የሰነፎቹን ስም የሚጽፍበት ሆኖ ስላገኘችው መሪው በየሳምንቱ እንዲቀያየር አድርጋለች። ሚኒ ሚዲያውንም ከ6ኛ ክፍል አንባቢዎች ነጥቃ ለትንንሾቹ ሁለት ቀን ሰጥታለች፤ በእረፍት ሰዓት የልደት ቀንና የጠፋ ጃኬት ያስነግራሉ። የ6ኛ ክፍል መምህሩ ከተማ አቀፍ ፈተና አለብን ብሎ ተከራክሯት ነበር። እሱም ክሩ ውስጥ አለ መሰለኝ፣ ስር ገብቶ ፈገግታ ብቻ ለጥፏል።

ለእኔ ጉዳይ ስትመጣ ምክሯ አንድ ነው። 10 ደቂቃውን በሳምንታዊ ዕቅዴ ላይ በግብረ ገብ ስር እንዳስገባው፣ ሱፐርቫይዘሩም ሲመጣ ዕቅዱን እንዳሳየው። አስገብቼዋለሁ፤ ፈርሞበታል። አስተያየት መስጫው ላይ ደግሞ ሰዓት ይከበር ብሎ ጽፏል፤ ያለዚያማ ሱፐርቫይዘር አይሆንም።

መልስ 24፦ የመጨረሻው ትናንት ማታ የገባ ነው። የከሰዓት ፈረቃ የምታስተምር መምህርት ናት። የጠዋቱ ፈረቃ ሲወጣ የእሷ ልጆች ሰልፍ ሳይሰለፉ፣ በዚያው ትኩስ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። አንዳንዶቹ ጠዋት ሊስትሮ ሲሠሩ ወይም ታናሽ ሲጠብቁ ውለው ነው የሚመጡት፣ ገና ሲገቡ እንቅልፍ ይጥላቸዋል። የእሷን 10 ደቂቃ የት ላይ ታድርገው? መልስ 1ም መልስ 2ም ለሙሉ ቀን ክፍል እንጂ ለእሷ አይሆኑም። የፈረቃ ትምህርት ቤት የምታስተምሩ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉላት፤ እስካሁን የመለሰላት የለም።